ሐምሌ ላይ የተቀጠለው ትምህርት

አንድ ነገር አልሠራ ሲል እኛ ሰፈር የሚታወቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ይጨመርበት። ወጡ አልጥም ካለ በርበሬ ይጨመራል። ስብሰባው ካላግባባ ሌላ ስብሰባ ይጨመራል። ባጃጄ በተሳፋሪ ብዛት ዳገቱ ላይ እያቃሰተች እንኳ መንገድ ዳር የቆመው ሰው «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ፣ ጠጋ በሉልኝ» ይላል እንጂ «ይቺ ነገር ከብዷታል፣ አንዳችሁ ውረዱ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቆም ብሎ ምን እንደሆነች ማየት እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

ስለዚህ የቀበሌያችን ልጆች ትምህርት አልገባቸው ሲል ምን እንደተወሰነ ሳልነግራችሁ ገምታችኋል።

አንተ ደግሞ ስለ ትምህርት የምታወራ ማነህ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ጭኛለሁ፣ በዳንግላና በእንጅባራ መሀል በሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ሆኜ በር ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ዳንግላ ጋሪም ነድቻለሁ፤ ፈረሱ ከእኔ የተሻለ መንገድ ያውቅ ስለነበር በስምምነት ተለያየን። አሁን እንጅባራ ላይ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ስለ ትምህርት የሚወስኑት ሰዎችም ክፍል ውስጥ ሲገቡ አይቼ አላውቅም። እኔም አልገባም። እኩል ነን።

በዚያ ላይ ጉዳዩ የቤቴ ጉዳይ ነበር። ታናሽ እህቴ የሺ አምስተኛ ክፍልን እየደገመች ነበር። እናቴ ቁርጡን ነግራታ ነበር፦ «ዘንድሮም ከወደቅሽ ዳንግላ አክስትሽ ጋ ሄደሽ ልጅ ትይዢላታለሽ። እዚያ ቢያንስ እንጀራ አለ።» የሺ ዳንግላን አትጠላም። ዳንግላ ሄዶ ልጅ መያዝ ማለት ግን ደብተር ማስቀመጥ ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። አንዴ የተቀመጠ ደብተር ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የእኔን እናቴ ምድጃ አቀጣጥላበታለች።

እንግዲህ የካቲት ላይ የግማሽ ዓመቱ ውጤት ወጣ፤ የወላጅ ስብሰባ ተጠራ። አግዳሚ ወንበሮቹ ከየክፍሉ ወጥተው ግቢው ዛፍ ሥር ስለተደረደሩ ትምህርት ሁለት ቀን ተዘጋ። አጀንዳው «የባከኑ የትምህርት ቀናትን ማካካስ» ይላል።

ቀናቱ የት ሄዱ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ርዕሰ መምህሩ ዘረዘሩ፤ መስከረም በምዝገባ አለቀ፤ በየሳምንቱ የገበያ ቀን ልጆቹ አይመጡም፤ ለቅሶ ሲኖር መምህራኑም ወላጁም አይኖሩም፤ ጥር ላይ የፈረስ ጉግስ ስላለ ፈረሶቹን የሚያጥብ ልጅ ያስፈልጋል፤ ከፈተና በፊት ያለው ሳምንት ለዝግጅት፣ ከፈተና በኋላ ያለው ለእርማት ይውላል። ሰዉ በየዝርዝሩ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። አንዱን እንኳ እንተወው ያለ ግን የለም። ለቅሶ ይቅር ይባላል እንዴ?

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ታከለ ተነሱ። አያ ታከለ ዲከረንስ ዛፍ ተክለው ለከሰል የሚሸጡ፣ ትዕግሥታቸውም ንግግራቸውም ረጅም የሆነ ሰው ናቸው።

«ወገኖቼ፣ ቀን ጎደለብን አይደል? የጎደለ ይተካል። ይኸው ሐምሌ ሙሉውን አለ። ማንም አልነካውም።»

ሐምሌን ባለቤት ያጣ የግጦሽ መሬት አስመሰሉት። እናቴ ከሴቶቹ መሀል እጇን አወጣች።

«ድንቹንስ በሐምሌ ማን ያወጣዋል አያ ታከለ?»

«እትየ፣ ድንች መሬት ውስጥ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ የልጅሽ ጭንቅላት ነው ቢቆይ የሚበላሸው!»

ድንች መሬት ውስጥ ሲቆይ እንደሚበሰብስ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። ንግግሩ ስላማረ ግን ተጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። ትምህርቱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲቀጥል፣ ፈተናውም ያኔ እንዲሆን ተወሰነ።

ያን ቀን ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር፤ ስሕተቱም ከዚያ መጣ። የእኛ አገር ሰው በየካቲት ፀሐይ ሐምሌን ፈጽሞ ይረሳዋል። እንጅባራን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እዚህ በሐምሌ ዝናብ አይመጣም አይሄድም፣ ይኖራል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ፣ ከሥሩ ኮርኒስ የሌለው ቤት ነው።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው ቀን የአምስተኛ ክፍሉን መምህር አንዱዓለምን በባጃጅ አደረስኩት። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፣ እንግባባለን። ዝናቡ አላስመልስ ስላለኝ የክፍሉ በር ሥር ተጠልዬ ቆምኩ። መምህሩ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እየተገለበጠ ያለ ይመስላል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እጁ ይወራጫል፤ ድምፅ የለም። ስልሳ ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል። እኔ በበኩሌ ከተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ እንደዚያ የተከታተልኩት የለም።

የወትሮው አሠራር እንዲህ ነው። መምህሩ መጽሐፉን ይዞ አንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፣ ስልሳው ልጅ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ሌላ ይላል፣ ይደግማል። ርዕሰ መምህሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ደስ ይላቸዋል፤ ትምህርት አለ ማለት ነው። ከስልሳው መሀል ደግሞ የእህቴ ድምፅ ጎልቶ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። እናቴ በዚያ ድምፅ ትኮራ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ስትወድቅባት ጥፋቱን የጣለችው በፈተናው ወረቀት ላይ ነው።

መምህር አንዱዓለም እስከ ረቡዕ ጮኸ፤ ረቡዕ ድምፁ ተዘጋ። ሐሙስ ሁሉን ነገር ሰሌዳ ላይ ልጻፍ አለ፤ ክፍሉ በደመናው ጨልሞ ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ የሚያነብ ጠፋ። ዓርብ ምንም ስላልቀረው ከሰሌዳው ወረደ። ወንበር ለወንበር እየዞረ፣ ጎንበስ እያለ፣ ጆሮ ለጆሮ ማስተማር ጀመረ።

የሺ ጋ ሲደርስ «አንብቢልኝ» ብሎ ጆሮውን አፏ ላይ ደገነ። አነበበች። አንድም ቃል ሳትስት፣ በሚያምር ድምፅ፣ ስለ ንብ አነበበችለት። የተከፈተው ገጽ ግን ስለ ወንዝ ነበር።

ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ ስመልሰው ባጃጅ ውስጥ እንዲህ አለኝ፦

«ደሴ፣ እህትህ ማንበብ አትችልም።»

«ምን ትላለህ? ድምጿ እኮ አስፋልቱ ላይ ይሰማኛል!»

«እሱማ ለእኔም ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምጿን ነው የሰማሁት።» ወደ እኔ ጠጋ አለና «አጠገቧ ያለችውም አትችልም። ከኋላዋ ያሉትም። እኔ ምን ሳደርግ ነበር?» አለ።

ዳገት ላይ ስለነበርን ማርሽ ቀነስኩ። እውነቱን ንገረን ካላችሁ ግን እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እየደገምኩ ሰባተኛ ክፍል ደረስኩ። አጣርቼ ማንበብ የቻልኩት ረዳት ሆኜ የመኪና ታፔላና የሱቅ ጽሑፍ ሳነብ ነው፤ ያኔ ጥሊሊ የሚለውን ዳንግላ ብሎ የጠራ ረዳት በተሳፋሪ ይደበደባላ። እንደ ተሳፋሪ ዱላ ያለ አስተማሪ የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መምህር አንዱዓለም ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ ከልጆቹ አጠገብ ከመንበርከክ ብዛት ነው። ሊጮህ ቢፈልግ አይችልም። ልጆቹም በአንድ ድምፅ ውስጥ ሊደበቁ ቢፈልጉ አይችሉም። አንድ ቀን ቤት ስገባ እናቴ ያወጣችውን ድንች እያጠበች፣ የሺ በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ፊት ቆማ ጣቷን እያስኬደች «ከ... እርጥበት... ይጠበቅ» ስትል አገኘኋት። የእናቴ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«ጆንያው ላይ ነው እንዲህ የሚለው?»

«አዎ እማ፣ እዚህ ጋ።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት ዝናብ ላይ ነበር እኮ የማስቀምጠው!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ማን አስተማራት?»

«ዝናቡ» አልኳት።

«አንተ መቼም ቁም ነገር አይወጣህም።»

የሐምሌው መጨረሻ ፈተና መጣ፤ የሺ አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፣ አለፈች። እናቴ ለአክስቴ ደውላ «ኔትወርኩ አያሰማም፤ ብቻ ለልጁ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለቻት። ለየሺ ግን «ስድስተኛ ላይ ከወደቅሽ መንገዱ ያው ነው» አለቻት። እናቴ በአንድ ጆንያ የምትታለል ሴት አይደለችም።

ነሐሴ ላይ የግምገማ ስብሰባ ተደረገ። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «በተጨመረው አንድ ወር ምክንያት የተማሪዎች ውጤት ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል። ያጋጠመ ችግር፦ የዝናብ ድምፅ። የመፍትሔ አቅጣጫ፦ በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ነሐሴም እንዲጨመር፤ ክፍሎቹ በአስቸኳይ ኮርኒስ እንዲለብሱ።»

መምህር አንዱዓለም እጁን አውጥቶ፣ በጎረነነች ድምፁ፣ ነገሩ ከቀኑ ሳይሆን ከመቀራረቡ እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። አያ ታከለ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ፦

«መምህር፣ አይዞህ፣ የአንተን ጉሮሮ ልናድን እኮ ነው!»

ተጨበጨበ። ኮርኒሱ መጣ። ከከተማ ጭኖ ያደረሰው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሥራ ሥራ ነው።

መስከረም ላይ መምህር አንዱዓለም ልጆቹን ይዞ ወደ ስድስተኛ አለፈ። ክፍሉ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ የሚያምር ሆነ፤ እሱም እንደ ሐምሌው ወንበር ለወንበር መዞሩን ቀጠለ። ጸጥ ያለ ክፍል ግን ከውጭ ሲሰሙት መምህር የሌለበት ይመስላል፤ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ቀን በሩን ከፍተው «ደህና ናችሁ?» አሉ። መጽሐፉም ማለቅ አለበት፣ ዕቅዱም ይጠየቃል። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳው ፊት ተመልሶ ቆመ። አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፣ ስልሳው ደገመ። አልፈርድበትም። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ የሚተካለት የለም።

የሺ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አልሰማም።»

ድምፁን ከፍ አደረገ። «አሁንም አልሰማም።» ወርዶ አጠገቧ ሄደ። ሰማች። ዐሥር ደቂቃ ያህል ጣቷን ተከትሎ አስነበባት። በማግስቱ ጎረቤቷ አልሰማም አለች። ከዚያ የኋላው ወንበር። በሳምንቱ መጨረሻ ስድስተኛ ክፍል በሙሉ ደንቁሮ ዋለ።

ይህ እንግዲህ ስብሰባ ያስፈልገዋል። አንዱ ጆሮ ደግፍ ገብቶ ነው አለ። ሌላው ጸበል ይሂዱ አለ። አያ ታከለ «ያ ያለፈው ዝናብ ነው ጆሯቸውን የደፈነው፤ ኮርኒሱ ዘገየ» ብለው ተቆጩ። በመጨረሻ ከጤና ጣቢያ ሐኪም ይምጣ ተባለና ሲስተር ስንታየሁን በባጃጄ አመጣኋት።

ሲስተር ስንታየሁ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። በባትሪ ጆሮ ስታይ ቆየች። ከዚያ የሺን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመቻትና ከኋላዋ አምስት እርምጃ ርቃ፣ በሹክሹክታ «ከረሜላ የሚፈልግ አለ?» አለች። የሺ ዞረች። የሺ ብቻ አይደለችም፤ የመጨረሻው ወንበር ሁሉ ዞረ።

ሲስተር አልተቆጣችም። የሺን ወደ በሩ፣ እኔ ወደቆምኩበት፣ ወሰደቻት።

«ጆሮሽ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

የሺ መሬት መሬት እያየች «ደህና ነው ካልኩ መምህር ተመልሰው አጠገቤ አይመጡም» አለች። «ካልመጡ ደግሞ ዳንግላ እሄዳለሁ።»

ሲስተር ስንታየሁ እኔን አየችኝ፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ጻፈች፦ «ጆሮ፦ ደህና። ትእዛዝ፦ እያንዳንዱን ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ተጠግቶ ማናገርና ማስነበብ። ሳይቋረጥ ለአንድ ዓመት።» ፈረመች፤ ማኅተም ረገጠችበት። ማኅተሙ ያረፈው «ደህና» የሚለው ላይ ስለሆነ እሱን እስካሁን ያነበበው የለም።

መምህር በጉባኤ ተነሥቶ ለምኖ ያጣውን ነገር ሐኪም በሁለት መስመር አገኘችው። ወረቀቱ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ርዕሰ መምህሩ አሁን በኮሪደሩ ሲያልፉ ጸጥታውን ሰምተው «ሕክምና ላይ ናቸው» እያሉ በጫማቸው ጫፍ ያልፋሉ። የሺ አንድ ገጽ ሙሉ ሳታቋርጥ ታነባለች፤ መምህሩ ገጹን ቢገለብጥባትም በቃሏ የያዘችውን ጥላ የተከፈተውን ታነባለች።

ባለፈው ሰኞ ከገበያ አንዲት እናት አሳፈርኩ። ልጇ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቅር ብሏታል።

«ደሴዋ፣ የእናንተዋ ልጅ ታማ እንዲህ ካነበበች፣ የእኔው ምን በደለ? ዓርብ ሲስተር ጋ ወስጄው ጆሮው ደህና ነው ብላ መለሰችኝ። ምን ይሻላል?»

ወደ ኋላ መለስ ብዬ አየኋት፤ የምሯን ነው።

«እትየ፣ ነገ ክፍል ሲገባ እጁን ያውጣና አልሰማም ይበል» አልኳት።