ክቡር ይደገምና ያልደፈረሱት ቱቦዎች

ሁሉን የሚጠራጠር ሰው፣ በዕድሜው አንድም ነገር አግኝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ፍርድ የሰጠችው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ ናት። የሰጠችውም በንዴት ሳይሆን በድካም ነው። የተናደደ ሰው ሲበርድለት ፍርዱን ያሻሽላል፤ የደከመው ግን እንደገና ለማሰብ እንኳ አቅም የለውም።

የተፈረደበትን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተሙ ተመቶ፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ሲደርስ፣ "ቆይ፣ ቀኑን አይተነዋል?" የሚለው እሱ ነው። በባዮኬሚስትሪው ቤተ ሙከራ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ለሠላሳ አንድ ዓመት ይዘው የቆዩት አንጋፋው የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በማኅደራቸው ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ አፍ ላይ ግን የለም። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይባላሉ፤ ዘወር ሲሉ "ክቡር ይደገም"።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ "ይደገም" ይላሉ። ጥሩ ከሆነም "ይደገም" ይላሉ። በጣም ጥሩ ከሆነ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው በነጭ ጋውናቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይሄማ በሌላ እጅ ይደገም" ይላሉ።

ናሙና በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቴርሞሜትር ሰቅለዋል። ለምን ሦስት ሲባሉ፣ "ሁለቱ ከተጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል?" ብለው ጠያቂውን መልሰው ይጠይቁታል። የተጣራውን ውሃ ማን እንደቀዳው፣ በስንት ሰዓት እንደቀዳው፣ ከመቅዳቱ በፊት እጁን መታጠቡን ሳያረጋግጡ አይነኩትም። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለክታ "ደህና ነዎት" ስትላቸው፣ ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘርግተው ጠብቀዋታል። በልጃቸው ሠርግ ቀን ፎቶ አንሺውን "ሦስት ጊዜ ሳታነሣ አነሣሁ አትበል" ብለው፣ ሙሽሮቹን የቀትር ፀሐይ ላይ ገትረዋቸዋል። በሦስቱም ፎቶ ላይ ዓይናቸውን የጨፈኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስምንት ዓመት መሥራት ምን እንደሚመስል ዶክተሯን ጠይቋት። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የጫማቸውን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ይወርዳል።

የምታጠናው እጅን የሚያንቀጠቅጠውን፣ እርምጃን የሚያሳጥረውን፣ ሰውን በገዛ አካሉ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያስረውን በሽታ ነው። በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ይስትና፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይቋጠራል። በመስታወት ቱቦም ይኸው ይታያል፤ ፕሮቲኑ ያለበት ጥርት ያለ ፈሳሽ ሞቅ ባለ ቦታ ለሁለት ቀን ሲናጥ ይደፈርሳል። ዶክተሯ ግን ከባቄላ ገለፈት ያወጣችውን ቡናማ ንጥር ጠብ ስታደርግበት አልደፈረሰም። አምስት ጊዜ ሞከረችው፤ አምስቱንም ጊዜ አልደፈረሰም። ጽሑፏን አዘጋጀች፤ ለሳይንስ መጽሔቱ ዓርብ ሊላክ ተወሰነ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ከዶክተሯና ከክቡር ይደገም ሌላ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከአሥራ አንዱ አንዷ ዕቃ አጣቢዋ ናት፤ "ቱቦ የምታጥበው ሰው ያልሰማችው ጥናት ግማሹ አልተሰማም" ብለው በስብሰባው እንድትገኝ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ዶክተሯ ውጤቱን አሳየች፤ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ አንድ እጅ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

"ዶክተር፣ በጣም ጥሩ ነው" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ይደገም ሊሉኝ ነው። አምስት ጊዜ ደግሜዋለሁ!"

"በአንድ እጅ አምስት ጊዜ፣ ለእኔ አንድ ጊዜ ነው። ቱቦዎቹን ማን አጠባቸው?"

"እኔ ራሴ! የገለፈቱ እድፍ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ አሥራ ሁለት ቱቦ ለብቻው ለይቼ፣ በሳሙና ዘፍዝፌ፣ በገዛ እጄ ነው የማጥባቸው። ሰው አላስነካም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

"ሁልጊዜ ገለፈቱ በእነዚያው ቱቦዎች፣ ገለፈት የሌለበት ማነጻጸሪያው ደግሞ በሌሎቹ?"

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። ስምንት ዓመት የተጠራቀመው ድካም በዚያች ቅጽበት አፏ ላይ መጣ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ቱቦ መቁጠር ነው። ማሰቡን ለእኛ ይተዉልን።"

ሳቅ ተሰማ። ብዙ አይደለም፤ ሦስት አራት ሰው ነው። ሰውን ለማሳነስ ግን ያን ያህል ይበቃል። ክቡር ይደገም "እሺ ዶክተር" ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው ተቀመጡ።

ረቡዕ ዶክተሯ ታላቅ እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ድሮ እያወራች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ መርፌ ክር የምታስገባ ሴት፣ ዛሬ ክሩን የምታስገባላት ጎረቤቷ ናት። ያው ዶክተሯ የምታጠናው በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመቷ ነው። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል።

"ምንድን ነው እቴቴ?"

"የባቄላ ገለፈት ነዋ! ያንቺ መድኃኒት። የሰፈሩን ወፍጮ ቤት ገለፈት ጠራርጌ ነው ያመጣሁት። ያንን ማቅለሽለሻ ክኒን ልተወው?"

"ኧረ መድኃኒት አልወጣውም፤ ቱቦ ውስጥ ነው የሠራው።"

"አንቺው አይደለሽ በስልክ የጮኽሽው፣ 'ተገኘ' እያልሽ? ልተወው፣ አልተወው?"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ "አትተዪው" ማለት። ዶክተሯ ግን የእህቷን ፊት አየች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየችው ፈገግታ ነበረበት። "እስከ ዓርብ እንነጋገራለን" አለች። በእኔ ሚዛን በስብሰባው ከተናገረችው ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብዳል።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የክቡር ይደገም ያረጀ ደብተር ተከፍቶ ጠበቃት። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሃያ። በሌላ እጅ እንዲደገም ተጠየቀ። አልተፈቀደም።" ስለ ስድቡ አንድም ፊደል የለም።

ከሥሩ ማክሰኞ ጠዋት የተጀመረ ሥራ ተመዝግቧል። በዶክተሯ ያደፉ ቱቦዎች ውስጥ ፕሮቲኑ ብቻውን፣ ያለ ገለፈት፦ በሦስቱም አልደፈረሰም። በአዳዲስ ቱቦዎች ውስጥ ፕሮቲኑ ከነገለፈቱ፦ በሦስቱም ደፈረሰ። ካደፉት ሦስቱን በፈላ ውሃና በአልኮል አሥር ጊዜ አለቅልቀው ፕሮቲኑን ብቻውን ሲጨምሩበት፦ በሦስቱም ደፈረሰ። ፕሮቲኑ እንዳይቋጠር ያደረገው ገለፈቱ አልነበረም፤ ሰው ሳታስነካ ስትዘፈዝፍበት የኖረችው ሳሙና እድፉ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነው። ጥናቷን ያበላሸው ቸልተኝነት አልነበረም፤ ጥንቃቄዋ ነው።

ገጹ መጨረሻ ላይ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፦ "ሳሙና ይመስለኛል። ግን የእኔም ስለሆነ በሌላ እጅ ይደገም።"

ዶክተሯ መስመሩን ደግማ አነበበችው። ሰውየው ራሳቸውንም አያምኑም! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውን ሥራ ሲያስደግሙ፣ የራሳቸውን ከማንም አስበልጠው አልማሩትም።

ስልኩን አነሣች።

"እቴቴ፣ ክኒኑን ዋጥሽ?"

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ድስቱን ነው የምጠጣው።"

"አሁኑኑ ዋጪው። እኔ እየሰማሁሽ።"

ብርጭቆ ከጥርስ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ የእጇ መንቀጥቀጥ በስልክ መጣ። ቆይታ፣ "ዋጥኩት" አለች እህትየው። "ገለፈቱስ?"

"ገለፈቱ ገለፈት ነው። ተሳስቻለሁ።"

እህትየው ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ተሰማ። ከዚያ፣ "ማን ደረሰበት?"

"አንድ ሽማግሌ። ሰኞ ዕለት በሰው ፊት ያዋረድኳቸው።"

"ይቅርታ ጠየቅሽ?"

"ገና ነኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ታክሚኛለሽ ስል፣ አሳዳጊ የበደለሽ ሆነሽ ቀረሽ እንዴ?"

ጽሑፉ አልተላከም። ዶክተሯ ሙከራውን በራሷ እጅ ደገመችው፤ ቅዳሜ የወጣው ውጤት ከደብተሩ ጋር አንድ ሆነ። ሰኞ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ዕቃ ቤት ገባች። ክቡር ይደገም ቱቦ እየቆጠሩ ነበር።

"ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቆጠራቸውን ጨርሰው ቁጥሩን ጻፉ። "ያን ቀን ስንት ሰው ነበር፣ ዶክተር?"

"አሥራ አንድ።"

"አሁንስ?"

"እኔና እርስዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይደገም።"

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ስቃ አታውቅም። ስብሰባው ላይ ቆማ፣ ስህተቷንም ነውሯንም ሳታለዝብ ተናገረች። ዕቃ አጣቢዋ ልጇ ታሞባት ቀርታ ነበር። ክቡር ይደገም ባዶ ወንበሯን አየት አደረጉት።

በሚቀጥለው ሰኞ ዶክተሯ ዳግመኛ ቆመች።

"ባለፈው ሰምተነው የለም እንዴ?" አለ አንዱ በሹክሹክታ።

"አሥር ሆናችሁ ነው የሰማችሁት" አለችው፤ ከመጀመሪያውም ጀመረች። ዕቃ አጣቢዋ እስከ መጨረሻው አደመጠች። ክቡር ይደገም ደብተራቸውን ገልጠው ቀንና ሰዓት ጻፉ።

ዶክተሯ ለእሳቸው ምስጋናም ሽልማትም ይገባቸዋል ብላ ታምን ይሆናል፤ እሱ የእሷ ጉዳይ ነው። የነበረባት ዕዳ ግን ይህ ነው፦ በአሥራ አንድ ሰው ፊት የወሰደችባቸውን ክብር፣ በአሥራ አንዱም ፊት መመለስ ነበረባት።