ስሟ ዋርካው ላይ የተጻፈላት ሚዳቋ

ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ድሮ ድሮ፣ አውሬዎች እንደኛ ስብሰባ በሚወዱበት ዘመን፣ በአንድ የደጋ ጫካ ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። በገና ጨዋታ እሷን የሚያህል አልተፈጠረም። ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ በሰኮናዋ ስትለጋት ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ታከንፋታለች። አንድ ጊዜማ የአያ አንበሶን ቅልጥም አግኝታዋለች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና አያ አንበሶ ዝም አለ። ዝም አለ እንጂ አልረሳም።

ጨዋታው ታዲያ የዋዛ አልነበረም። በየዓመቱ በጋው ሲበረታ የደጋና የቆላ አውሬዎች ይገጥማሉ። ያሸነፈ ከሜዳው ዳር ያለውን ምንጭ ይይዛል፤ የተሸነፈ አዞ ካለበት ወንዝ ወርዶ ይጠጣል። ሚዳቋዋ መጫወት ከጀመረች ወዲህ ደገኞቹ ምንጩን አስነክተው አያውቁም። ግልገሏም አዞ ምን እንደሚመስል ሳታይ አደገች።

በጫካው መሀል ትልቅ ዋርካ አለ። የታላላቅ ተጫዋቾች ስም በግንዱ ላይ ይቀረጻል። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ካልሞተ ወይም እግሩ ተሰብሮ ጨዋታውን ትቶ ካልተቀመጠ ስሙ የሚጻፍለት የለም። በዚያ አገር በቁም መመስገን ነውር ነበር። ሚዳቋዋ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህን ስም ትመኘው ነበር። በዋርካው ሥር ባለፈች ቁጥር ያልተጻፈበትን ቦታ ሰረቅ አድርጋ ታያለች።

የግጥሚያው ዕለት ጠዋት እመት ጦጢት ነገር አመጣች። «የግድ ሞተን ነው እንዴ የምንመሰገነው? ለሚዳቋ ገና እየተጫወተች ብንጽፍላትስ?» አለች። በቃ፣ ሸንጎ ተቀመጠ።

አያ አህዮ ቀድሞ ተነሣ። በዕድሜው ሩር ነክቶ አያውቅም፤ ስለ ሩር ግን ከእሱ በላይ አዋቂ የለም። «በእኛ ጊዜ ሩር ከባድ ነበረች» አለ። «ያሁኖቹማ የሚለጉት ቅል ነው። ደግሞስ ዛሬ ጽፈንላት ነገ ብትስትስ? የሚያፍረው ማን ነው? እኛው አይደለንም?»

«እስካሁን የሠራችው አይበቃትም?» አለች ጦጢት። «ዛሬ ብትተወው እንኳ ይገባታል።»

«አልተወችማ» አለ የደንቡ ጠባቂ ኤሊ። እሱ አንድ ቃል እስኪናገር ጤዛ ይረግፋል። «የሞተ አያሳፍርም። በሕይወት ያለ ግን አይታመንም።»

ሚዳቋዋ ከዳር ቆማ ትሰማለች። ሲያሞግሷት ጆሮዋ ይቆማል፤ ሲያጣጥሏት መሬቱን በሰኮናዋ ትጭራለች። አህያው የአያቱን ዘመን ጨዋታ አውርቶ ሳይጨርስ ከሜዳው የከርከሮ ጩኸት ተሰማ። ቆለኞቹ መጥተዋል።

«ጌቶቼ፣ እንግዲህ ልሂድ፤ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው» አለች።

አያ አንበሶ ቅልጥሙን አሻሸ። «የት ትሄጃለሽ ልጄ? ነገርሽ ሸንጎ ፊት ነው። አሁን ሄደሽ አንዲት ሩር ብትስቺ ይህ ሁሉ ንግግር ውሃ በላው ማለት ነው። ካልተጫወትሽ ግን ማንም አይነቅፍሽም።»

ሜዳውን አየች፤ ዋርካውን አየች። ጓደኞቿ ስሟን እየጠሩ ይጮሃሉ። ግልገሏ ምንጩ ዳር ቆማ እናቷን ትፈልጋለች። «አንድ ቀን ነው፤ ያለ እኔም አያቅታቸውም» አለች በሆዷ። ተቀመጠችም። ወይ ስም፣ ስንቱን አስቀመጠ!

ሸንጎው ከዚያ ወዲያ፣ የሚጻፍ ከሆነ በየት በኩል ይጻፍ በሚለው ሲሟገት ዋለ። አህያው በጀርባው በኩል፣ ጦጢት ከፊት ለፊት ሲሉ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ደገኞቹ ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ሚዳቋዋ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ምንጩ ሄዷል።

ኤሊ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ዛሬ አልተጫወተችም» አለ። «ያልተጫወተ ትቷል። የተወ ደግሞ በደንቡ መሠረት ይጻፍለታል።»

ሸንጎው በአንድ ድምፅ አጸደቀ። አህያውም «እኔስ ከመጀመሪያው ብዬ ነበር» አለ። ጃርት በእሾኋ ስሟን ቀረጸች፤ እልልታው ቀለጠ። በእልልታው መሀል ግልገሏ ተሹለክልካ መጣችና «እማዬ፣ ጠማኝ» አለቻት። ምንጩን ከርከሮ ተኝቶበታል።

ሚዳቋዋ አፍራ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ልጇን አስከትላ ቁልቁል የወንዙን መንገድ ተያያዘችው።

«በክብርሽ ቀን ወዴት ነው?» አላት አያ አንበሶ። «ስምሽን እንኳ በቅጡ ሳታዪው?»

«አየሁት ጌታዬ» አለች። «እኔና ልጄ ከአዞ ጋር ተሻምተን እንጠጣለን። እናንተ ሲጠማችሁ ስሜን በየተራ ላሱት።»