ሽቅብ የወጣችው ቡቃያ

መጥፎ ዜናን በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ጓደኛ አለኝ። አየሩ ሲሞቅ የቆላው ተክል ሽቅብ ይወጣል ይላል። ይህንኑ ለማየት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ አንድ ካሬ ሜትር ሣር በገመድ ከልሎ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ተንበርክኮ ቅጠል ይቆጥራል። ስምንት ዓመት ሙሉ አዲስ ነገር አላገኘም።

ዘንድሮ አብሬው ወጣሁ። ጉሙ በባሕር ዛፎቹ መሐል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ከታች ያለው የሾላ ገበያ በሕልሜ ያየሁት አገር መሰለኝ። ጓደኛዬ በሹክሹክታ፣ «ሁለት የቆላ ቡቃያዎች መጡ» አለ። ተራራው ሞቀ ማለት እኮ ነው፤ የእሱ ፊት ግን ልጅ እንደተወለደለት ሰው በራ።

ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «አገኘኸው ልጄ?» አሉ። «መጀመሪያ መሬት የሚለካ ኢንቨስተር መስለኸኝ ነበር። በኋላ የቆላ ተክል እንደምትፈልግ ሰማሁ፤ በየዓመቱ ተንበርክከህ ስታጣው አንጀቴን በላኸው፤ ከቆላ አምጥቼ ተከልኩልህ።»

ጓደኛዬ እርሳሱን አስቀመጠ። «ሁለቱንም ነው የተከሉት፣ አባባ?»

«አንዷን ነው። ሌላዋማ ልተክል ስመጣ እዚሁ በቅላ ጠበቀችኝ።»

ጓደኛዬ እርሳሱን መልሶ አንሥቶ፣ ደብተሩ ላይ «ሁለት» ያለውን ሰርዞ «አንድ» ብሎ ጻፈ። ፊቱ ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።