ጋሽ አብዱሰመድ "እሺ" ያሉ ቀን

የተጠራለትን ዋጋ ሰምቶ "እሺ" ካለ ዕድሜው የሚያጥር የሚመስለው ሰው በየገበያው አይጠፋም። የወላይታ ሶዶው ጋሽ አብዱሰመድ ይባላሉ።

እኒህ የክርክር ሊቅ የስኳርና የሳሙና አከፋፋይ ናቸው። ሻንቶ ገበያ ወርደው ቅቤ ሲገዙ ባለቅቤዋ "ውሰዱትና ገላግሉኝ" ሳትል አይላቀቁም። ባጃጅ ከተሳፈሩ ደግሞ ክርክሩ ሳያልቅ ቤታቸው ይደርሳሉ። ባለቤታቸው ሀጂራ ዝምተኛ ናት፤ ሀፍረቱን ስላልቻለችው አብራቸው ገበያ መውጣት ከተወች ቆይታለች።

የኢንሹራንስ ሻጩ ሚልክያስ ይህን እያወቀ ነው ሱቃቸው የገባው። እንደ ካንሰርና እንደ ኩላሊት ላለ ከባድ ሕመም የሚከፍል፣ በሕይወት ኢንሹራንስ ላይ የሚጨመር ሽፋን ይዞ ነበር።

"ካልታመምን ብራችንን ትመልሳላችሁ?"

"አይመለስም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ኩላሊቱን አውጣልኝ። በዘራችን ኩላሊት የታመመ የለም። ካንሰሩን ለብቻው ስንት ትለዋለህ?"

"ተነጣጥሎ አይሸጥም። ዋጋውንም የሚቆርጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።"

"የማይቀንስ ዋጋ የለም፤ የማይቀንስ ነጋዴ ነው ያለው" አሉና ሻይ አዘዙለት።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ሚልክያስ እየተመላለሰ ሻይ ጠጣ እንጂ አልሸጠም። መሄዱን ግን ወዶት ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየወረደ ጋሽ አብዱሰመድ ራሳቸው ቢሮው መጡ።

"የት ነው የምፈርመው?"

ዋጋ አልጠየቁም። ሚልክያስ ወንበር ሳበላቸው። "ማን ታመመ፣ ጋሼ?"

"ሀጂራ። ጡቷ ላይ እብጠት አገኙ። ካንሰር ነው አሉን።"

ሚልክያስ እያመመው ነገራቸው። ከውሉ በፊት የታወቀ ሕመም አይሸፈንም። "እንዳላወቅሁ ሆኜ ልፈርም" ይሉኛል ብሎ ሰግቶ ነበር፤ አላሉም። እርጥብ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ይረክሳል ብዬ ስጠብቅ" አሉ።

ሀጂራ ሐዋሳ እየተመላለሰች መታከም ጀመረች። ለሕክምናው የስኳርና የሳሙናው መጋዘን ተሸጠ። ሽያጩ ላይም ጋሽ አብዱሰመድ አልተከራከሩም ተባለ። ከተማው ከበሽታው ይልቅ የደነገጠው በዚህ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሚልክያስን ቤታቸው አስጠሩት። ለልጃቸው ለሰልዋ፣ ጤነኛ ሳለች ሽፋኑን ሊገዙላት ነው። ሀጂራ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ሶፋው ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሚልክያስ ዋጋውን ተናገረ።

"እሺ" አሉ ጋሽ አብዱሰመድ፤ ብዕር አነሱ።

ሚልክያስ ይህን "እሺ" መስማት አልቻለም። "ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" ብሎ፣ እንዲከራከሩት ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ቆልሎ ጠራ።

"እሺ።"

"አንተ ሚልክያስ" አለች ሀጂራ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "እሱን ሐዘን አደንዝዞታል። እኔ ግን እሰማለሁ። ቀንስ።"

"እትዬ ሀጂራ፣ ዋጋው የሚመጣው ከ..."

"ከየትም ይምጣ። ቀንስ።"

ጋሽ አብዱሰመድ ብዕሩን አስቀመጡና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

"ክርክር እንዲህ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "መጀመሪያ ትተሽ እንደምትሄጂ ሆነሽ ትነሻለሽ።"

"መነሳቱን አልችልም" አለች። "አንተ ተነሳልኝ።"

ተነሱ። በዝግታ እስከ በሩ ሄዱ፤ መዝጊያውንም ያዙ። ያኔ ሚልክያስ "ይመለሱ ጋሼ፣ እቀንሳለሁ" ብሎ ጠራቸው።