ሠላሳ አራት ባካፕ

ፈሪ ሰው ፍርሃቱን በሥርዓት ከያዘው ጠንቃቃ ይባላል። እኔም ይህን ስም ያገኘሁት እንዲሁ ነው። በሬን ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ከግማሽ መንገድ ተመልሼ ቁልፉን የምነቀንቅ፣ የላክሁት ደብዳቤ መድረሱን ሦስት ጊዜ ደውዬ የማረጋግጥ ሰው ነኝ። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ራሱን ካላወቀ ሚስቱን ይጠይቅ።

ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የተማሪ ማርክ እይዛለሁ፣ ትራንስክሪፕት እሰጣለሁ። በጦርነቱ ጊዜ የወረቀት መዝገባችን ጠፋ። የተረፈው በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሷንም በጆንያ ጠቅልዬ አማቶቼ ቤት፣ ገለባ ውስጥ ቀብሬ ነው ያተረፍኳት። ሰላም ሲሆን አውጥቼ፣ አራግፌ ስከፍታት ሠራች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ደህና አልሆንኩም። ወልድያ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጓደኛዬን ሰለሞንን ለመንሁትና፣ ማሽኗ በየወሩ ራሷ ባካፕ እንድትይዝ፣ ማለት ያላትን ገልብጣ መጠባበቂያ እንድታስቀምጥ አደረገልኝ። በየወሩ መጨረሻ «ባካፑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣልኝ፣ ሐኪም ምንም የለብህም ያለኝ ያህል ትከሻዬ ይወርድ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ የምትባል ሴት ከሙጃ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋ ላይ የመንገድ አቧራ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነው የተማርኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ» አለችኝ። «ደሴ አንድ ኮሌጅ ለነርስነት ተቀብሎኛል። ግን ትራንስክሪፕት ይዘሽ ካልመጣሽ አንመዘግብሽም አሉ። ምዝገባው ነገ ያልቃል። የወልድያው መኪና ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

«እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

«ልጆች ሳሳድግ ነዋ፣ ጋሼ። ትንሹ ዘንድሮ ተማሪ ቤት ገባልኝ።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ አስቀመጥኳት። የማርኩን ፕሮግራም ስከፍት «በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» ብሎ ተዘጋ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ደግሞ ተዘጋ። ማሽኗን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ለሰለሞን ደወልኩ።

«ባካፖቹ ናቸው የሞሉት» አለኝ። «ሠላሳ አራት ደርሰዋል እኮ። የመጨረሻውን አስቀርና ሌላውን ደምስስ።»

ደምስስ! ለእኔ ነው እንዲህ የሚባለው? የነገረኝን መስኮት ከፈትኩ። «ከተደመሰሰ መመለስ አይቻልም፤ ይቀጥል?» ይላል። ጣቴ ማውሱ ላይ ቀረ። ትርንጎ አግዳሚው ላይ ሆና ፊቴን ሳይሆን ጣቴን ታያለች።

«ምነው ጋሼ፣ የእኔ የለም እንዴ?»

«አለ» አልኳት። አለ ያልኳት ሳላይ ነው።

እንግዲህ ከመደምሰሴ በፊት የሚቀረው ባካፕ ውስጥ የእሷ ዓመት መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ከፈትኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዱንም ባካፕ ከፍቼ አላውቅም ነበር። የማርክ ማኅደሩን ፈለግሁ፤ የለም። ያለፈውን ወር ከፈትኩ፤ የለም። የአምናውን፣ የካቻምናውን፣ የመጀመሪያውን። የለም።

«ሰለሞን፣ ማርኩ የለም» አልኩት በስልክ፣ ሴትየዋ እንዳትሰማ ወደ መስኮቱ ዞሬ።

«ማርኩን በየትኛው የዲስክ ክፍል ነው የምታስቀምጠው?» አለ።

«በሁለተኛው።»

«እኔ ባካፕ እንዲያዝ ያደረግሁት ማሽኑ የሚሠራበት ፕሮግራም ያለበትን የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ማርኩንም ጨምር አላልከኝም።»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩት፣ ተበላሽቶ ቢጠፋ ማንም ጠጋኝ በግማሽ ቀን መልሶ የሚጭነውን ነገር ኖሯል። የዚያ ሁሉ ልጅ ማርክ ግን አንዲት አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ዲስኳም እስክትታነቅ ድረስ የሞላችው በእኔ ጥንቃቄ ነው።

ሠላሳ ሦስቱን ደመሰስኩ። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ትሄዳለች። መብራት አሁን ቢጠፋስ? አምፖሉን አያለሁ፣ መስመሯን አያለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። የትርንጎን ስም ጻፍኩ። «አልተገኘም» አለ።

ወደ እሷ መዞር አቃተኝ። የአባቷን ስም ብቻ አስገብቼ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ወረድኩ። ከታች፣ አንዱ መዝጋቢ አንዲት ፊደል ገድፎባት ተቀምጣለች። ማርኳ ሙሉ ነው። ባዮሎጂ ዘጠና አንድ።

«ባዮሎጂ ጎበዝ ነበርሽ» አልኳት።

«አሁንም ነኝ» አለች።

ስሟን አርሜ አተምኩት፤ ርእሰ መምህሩ ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ወረቀቱን ጉያዋ ከከተተች በኋላ ከበሩ ተመለሰችና «አንድ ይጨመርልኝ ጋሼ፤ መንገድ ላይ ብጥለውስ?» አለች። ሦስት ሰጠኋት። ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ስትሮጥ በመስኮት አየኋት።

ከሰዓት በኋላ ማርኩን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩና እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። አለቀልኝ ብዬ ገባሁ።

«ያቺ ልጅ ደሴ ገብታ ተመዘገብኩ ብላ ደወለች» አሉ። «ሌላው ትምህርት ቤት ስንት ማርክ ጠፍቶበት፣ የእኛ እንዲህ የተገኘው በአንተ ጥንቃቄ ነው። መምህራኑን ሰብስቤ፣ ባካፕ እንዴት እንደሚያዝ ታሠለጥንልኛለህ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሥልጠናውን ሰጠሁ። የያዛችሁትን ባካፕ ከፍታችሁ እዩት፤ ሳታዩ አለን አትበሉ አልኳቸው። ሁሉም ጻፉት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ርእሰ መምህሩ ይህን ካነበቡ፣ አደራ፣ ቀስ ብለው ያስጠሩኝ።