ነጠላዬና ሁለቱ ባላጋራዎች

የዳኛ ልጅ ሆኖ በገዛ ቤቱ ፍትሕ ያገኘ ሰው ካለ እስቲ እኛ አገር መካነ ኢየሱስ ድረስ መጥቶ ያሳየኝ! እኔ የአጥቢያ ዳኛ ልጅ ነኝ፤ ያገኘሁትን ስሙ።

ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ አይጥ ጎታው ድረስ ገብቶ ቢፈጀው፣ አባዬ ቡሬ የምትባለውን ድመታችንን ታግዛት ብለው ሌላ ድመት ይዘው መጡ። ቡሬ እንግዳዋን ገና በር ላይ ስታያት ጀርባዋን ቆልምማ፣ ጠጉሯን አቁማ ጠበቀቻት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ጩኸትና ቡጭሪያ ብቻ ሆነ። አይጦቹማ... ገብሱን እየቆረጠሙ ጠቡን ያያሉ።

እኔ አንዷ ጓዳ፣ አንዷ ማድ ቤት ለየብቻ ይብሉ፤ ቀስ እያሉ ይለማመዳሉ አልሁ። አባዬ ሳቁብኝ።

«ደብረ ታቦር የላክሁሽ ይኸን ልትማሪ ነው? በእኛ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡ። መንገድ ላይ ታርቀው ይደርሳሉ።»

«አባዬ፣ ድመት እኮ ናት።»

«ድመት ከሕግ በላይ ናት?»

ጋቢያቸውን እንዳይሰጡ የዳኛ ክብር አለ። ዓይናቸው ገመድ ላይ የተሰጣችው ነጠላዬ ላይ አረፈ። ክረምቱን ሙሉ ራሴ የፈተልኋት፣ በማግሥቱ ለከተራ ልለብሳት ገና አንድ ቀን ቀድሞ ከሸማኔ የመጣች ነጠላ!

«እሷን አይንኩብኝ፣ የጥምቀት ናት።»

«ላንድ አፍታ ነው።»

ቀጠሮ እየሰጠ ሰው ያስረጀ ዳኛ «ላንድ አፍታ» ሲላችሁ እመኑት...

አንዱን ጫፍ ቡሬ ወገብ ላይ፣ ሌላውን እንግዳዋ ላይ ቋጠሩት። ቡሬ ወደ አልጋ ሥር፣ እንግዳዋ ወደ ቆጥ። መካከል ላይ የጠላ ጋን ነበር፤ «ነበር» ነው ያልሁት። ነጠላዬ በአተላና በአመድ ተለውሳ ለሁለት ተተረተረች። አባዬ የተቦጨረ እጃቸውን እያሻሹ «ችሎት ደፍረዋል» አሉ።

እማዬ በንዴት አንዷን ጓዳ፣ አንዷን ማድ ቤት፣ ከነቡትቷቸው ዘጋችባቸው። እኔ ያልሁት ይኸንኑ አልነበረም?

ጥምቀትን በእማዬ አሮጌ ጋቢ ተጀቡኜ ዋልሁ። ያየኝ ሁሉ ወባ ይዟት ነው እያለ እግዜር ይማርሽ አለኝ።

ድመቶቹ ግን አንዷ የሌላዋን ሽታ ከቡትቶው ላይ ስትለምድ ሰንብታ ወር ሳይሞላ ታረቁ። አባዬ «በቁራኛ አስታረቅኋቸው» እያሉ ለመንደሩ ያወራሉ። ቡሬና እንግዳዋ አሁን በነጠላዬ ቁራጭ ላይ ተቃቅፈው ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። አይጡም ገብሱን ይበላል።

ትናንት አባዬ ሦስተኛ ድመት ላምጣ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ቀሚሴን ጎረቤት ወስጄ ደበቅሁ።