በአንድ ሰው ወሬ ሰው የማይገድሉት አክስቴ

ወሬ አስተላላፊ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በምድር ላይ የለም፤ «እኛ ዘንድ የለም» የሚል ካለ ስልክ የለውም። በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት አክስቴ ናቸው፤ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በተግባር የዜና ወኪል። በነጭ ሽንኩርት ስለበራ ዓይን፣ መልእክቱን ለአሥር ሰው ሳይልክ ቀርቶ ስለከሰረ ነጋዴ፣ ያልላኩልን የለም።

አንድ ጊዜ የአናጢውን ጎረቤታችንን ሞት ለሰፈሩ ግሩፕ አረዱ። አናጢው ራሱ «ኧረ ገና ነኝ» ብሎ መለሰ። አክስቴ ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁና አዲስ ሕግ አወጡ፦ «ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ካልነገሩኝ ሰው አልገድልም።» ሆዳችንን ይዘን ሳቅንባቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንግሥት ግሩፓችን ያለበትን ጨምሮ ማኅበራዊ ድረ ገጾቹን ዘጋ፤ ከመግለጫው ውጭ ስለ ጦርነቱ የጻፈ ይታሰራል ተባለ። መግለጫው ደግሞ ወንድሜ በነርስነት የሚሠራባት የድንበር ከተማ ሰላም ናት ይላል። የወንድሜ ስልክ መጥራት ካቆመ ወር ሊሞላው ነው። እኔ፣ ደፋሩ የጋዜጣ ጸሐፊ፣ ከግሩፑ ሹልክ ብዬ ወጣሁና ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ጻፍኩ።

አክስቴ ግን ከዚያች ከተማ ሸሽቶ ልብስ ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ ልኩን እየወሰዱ ይጠይቁ ገቡ። አንድ ደንበኛ እገዳውን የሚያልፍ ቪፒኤን ጫነላቸው። ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን የት እንደታየ እየዘረዘሩ ይለጥፋሉ። ዝርዝራቸውን የሚጠብቀው ሰው የእኔን አንባቢ ለመብለጥ ጊዜ አልወሰደበትም።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። መርማሪው በዝርዝራቸው ላይ ያሉት ሰባት ሰዎች መሞታቸውን ማን እንደነገራቸው ጠየቃቸው፤ ሁለት ሰዎች ናቸው አሉት፣ ስማቸውን ግን አልሰጡትም። እንግዲያው «ተሳስቼ ነው» ብለው ይጻፉና ወደ ቤትዎ ይሂዱ አላቸው።

«ስሳሳት ይቅርታ መጠየቅ አውቅበታለሁ ልጄ» አሉት። «ሰባቱን አስነሣልኝና አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

ስልካቸውን ቀማቸው፤ ከደገሙት እስር ቤት እንደሚገቡም ነገራቸው። አደብ ይገዛሉ ብዬ ስጠብቅ በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ከች አሉ።

«ስልክህን ስጠኝ።»

በስሜ የተመዘገበ ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምለምንህ። ስለ ወንድምህ አንድ ሰው ነግሮኛል። ሁለተኛው ሰው የት ይደውልልኝ?»

«ምን አለ የመጀመሪያው?»

«አልነግርህም። አንድ ሰው ብቻ ነው።»

በዚያች ሰዓት ላንቃቸውም፣ እግራቸው ላይ ልወድቅም ቃጣኝ። ሁለቱንም ሳላደርግ ያንኑ ቪፒኤን ጫንኩና ወደ ግሩፑ ተመለስኩ፤ ስለዚያች ከተማ የሚያውቅ በዚህ ቁጥር ይደውል ብዬ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፊደል ገድፈሃል አሉኝ። አርሜ ላክሁት።

እስኪመሽ ሃያ ሰባት ሰው ደወለ። ስለ ወንድሜ የነገረኝ አልነበረም። የሁሉንም ግን ለአክስቴ ዝርዝር ጻፍኩ።